ታንከርን ከባሕር ቡይ ጋር ማሰር፦ ከባሕር ዳር ተመርቀው መርከብ ለሚወጡ

ጎጃም የሚደርሰው ነዳጅ ጅቡቲ ዶራሌ ላይ ይራገፋል። እዚያ መርከቡ የሚታሰረው ከጀቲ (ከዳርቻው ወደ ባሕር ከወጣ መድረክ) ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ሁሉም ያውቀዋል፦ ቦቴ፣ ዓባይ በረሃ፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሪታይም አካዳሚ ወጥቶ ታንከር ላይ የሚመደብ ሰው ግን ጀቲ የሌለበት ቦታም ይገጥመዋል። ዳሬ ሰላም አጠገብ ምጂምዌማ፣ ደርባን አጠገብ ኢሲፒንጎ፣ ስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዓይን ሱኽና፣ ባስራ፦ በእነዚህ ሁሉ ነዳጅ የሚጫነው ወይም የሚራገፈው ከዳርቻው ርቆ፣ መሐል ባሕር ላይ ከተተከለ ቡይ (ተንሳፋፊ ማሰሪያ) ነው። ምክንያቱ ጥልቀት ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ ትልቁ የድፍድፍ ታንከር ከ20 ሜትር በላይ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ያን ያህል ጥልቀት ያለው ወደብ መቆፈር ደግሞ ቡይ ከመትከል በወጪ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አካዳሚው በአብዛኛው የሚያሠለጥነው የሞተርና የኤሌክትሪክ ሰው ነው። ሞተር ክፍል ያለ ሰው ደግሞ ገመዱን በዓይኑ አያየውም። ግን ገመዱን የሚያድነውም የሚበጥሰውም ከታች የሚሰጠው የሞተር መልስ፣ ዊንቹ (ገመድ የሚስበው ማሽን) እና ክሬኑ ናቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከላይ የሚሠራውንም ከታች የሚጠበቀውንም አንድ ላይ ይዟል።

ቡዩ እንዴት ይሠራል

መስክ ላይ በችካል የታሰረ ፈረስ ያየ የአሠራሩን ግማሽ ያውቀዋል። ችካሉ አይነቃነቅም፤ ፈረሱ የገመዱን ርዝመት ያህል ዙሪያውን ይግጣል። ልምድ ያለው ባለ ፈረስ ገመዱን ችካሉ ላይ አጥብቆ አይቋጥርም። ላላ ያለ ቀለበት ያስገባበታል፤ አለዚያ ፈረሱ በዞረ ቁጥር ገመዱ ችካሉ ላይ ይጠመጠምና እንስሳው ራሱን ያንቃል።

ቡዩም እንዲሁ ነው። ዲያሜትሩ ብዙ ጊዜ ከ10 ሜትር የሚበልጥ የብረት ተንሳፋፊ ሲሆን ከ4 እስከ 8 በሚደርሱ ሰንሰለቶች ከባሕሩ ወለል ጋር ተተክሏል። ከላዩ 360 ዲግሪ የሚዞር ጠረጴዛ አለው፤ ቀለበቱ ይህ ነው። መርከቡ ከጠረጴዛው በፊቱ ብቻ ይታሰርና ነፋስና ሞገድ (የባሕሩ ውኃ ፍሰት) ወደገፉት እየዞረ ሁልጊዜ ፊቱን ለሚገፋው ኃይል ይሰጣል። ጎኑን ስለማይሰጥ የሚያርፍበት ኃይል አነስተኛ ይሆናል። ነዳጁ የሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ይህ ነው፦ ከመርከቡ ማኒፎልድ (የቧንቧዎች መጋጠሚያ) በተንሳፋፊ ሆዝ (ተጣጣፊ ቱቦ) ወደ ቡዩ፣ በቡዩ መሐል ባለው መሽከርከሪያ መጋጠሚያ (ስዊቭል) ወደ ታች፣ ከዚያ በውኃ ውስጥ ሆዝ ወደ ባሕር ወለሉ ማኒፎልድ፣ በመጨረሻም በብረት ቧንቧ ወደ የብስ። ሲጫን አቅጣጫው ይገለበጣል።

ገመዱ መርከብ አያቆምም

ከሁሉ በፊት የሚያዘው ይህ ነው። መርከቡ ቡዩ ዘንድ በራሱ ሞተር ቆሞ መድረስ አለበት፤ ገመዱ የቆመውን እንዳይሄድ ይይዛል እንጂ የሚሄደውን አያቆምም።

በቁጥር እንየው። መርከቡና ጭነቱ አንድ ላይ 150,000 ቶን ቢሆኑና በ1 ኖት፣ ማለትም በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ቢንሸራተቱ፣ የያዙት ጉልበት 19 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። 40 ቶን የሚመዝን ቦቴ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 5.6 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይይዛል። እግረኛ የሚቀድመው መርከብ ከሦስት ሯጭ ቦቴዎች በላይ ጉልበት ተሸክሟል ማለት ነው። ይህን ጉልበት ገመዱ 5 ሜትር ተስቦ ያቁመው ቢባል አማካይ ጉተታው 380 ቶን ይደርሳል፤ ከፍተኛው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ፍጥነቱ ግማሽ ኖት ቢሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርድ ነበር። የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች በዝግታ የሚኬዱት ለዚህ ነው፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

መርከቡ ላይ መኖር ያለበት

የነዳጅ ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ የባሕር መድረክ ኦሲምፍ ለቡይ ማሰሪያ የሚመክራቸው ልኮች ቡይ ላይ በሚታሰሩ ታንከሮች ላይ ይጠየቃሉ። የመሸከም አቅማቸው እስከ 150,000 ቶን ለሆኑ መርከቦች ፊት ላይ አንድ የሰንሰለት ማቆሚያ (ቦው ስቶፐር)፣ ከዚያ በላይ ለሆኑት ሁለት ያስፈልጋል። የማቆሚያው አስተማማኝ አቅም እስከ 100,000 ቶን ለሚጭን 200 ቶን፣ ከ100,000 እስከ 150,000 ለሚጭን 250 ቶን፣ ከዚያ በላይ ለሚጭን 350 ቶን ነው። የሁሉም ማቆሚያ የሚሠራው ለ76 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት ነው። ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ (ፌርሊድ) ቢያንስ 600 በ450 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ማቆሚያው ከቀዳዳው ወደ ውስጥ ከ2.7 እስከ 3.7 ሜትር ርቆ ይቀመጣል። ማንሻ ገመዱን የሚስበው ዊንች 15 ቶን ያለማቋረጥ መሳብ፣ ከበሮው ደግሞ 80 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 150 ሜትር ገመድ መጠቅለል መቻል አለበት።

ማሰሪያው ገመድ (ሆውዘር) የተርሚናሉ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ናይለን ነው። ናይለን የሚመረጠው ስለሚለጠጥ ነው። ሲረጥብ ግን ከአቅሙ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያጣ ተርሚናሉ የሚያሰላው በእርጥብ አቅሙ ነው። ወደ መርከቡ በሚመጣው ጫፉ ላይ የ76 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት ተቀጥሏል። ናይለን በብረት ቀዳዳ ውስጥ ሲፋተግ ይበላል፤ ሰንሰለቱ ፍትጊያውን ይቀበልለታል። ከሰንሰለቱ ጫፍ ቀጥሎ ተንሳፋፊው ማንሻ ገመድ አለ። ይህ ማንሻ ብቻ ነው። በእርሱ መርከቡን ወደ ቡይ መጎተት የተከለከለ ነው፤ ብዙ ጣትና ብዙ እግር የጠፋው በዚህ ስህተት ነው።

ከመድረሱ በፊት ባለው ቀን

ማቆሚያውን ክፈቱት፣ ዝጉት፣ ፒኑን አስገቡት። ጨውና ዝገት ስለሚይዘው ለወራት ያልተነካ ማቆሚያ በመጀመሪያው ሙከራ እሺ አይልም፤ ግሪስ ቀቡት። የዊንቹን ሃይድሮሊክ ዘይት ደረጃ እዩ፣ ዊንቹን በሁለቱም አቅጣጫ አሽከርክሩት፣ ፍሬኑን ሞክሩ። ከበሮው ባዶ መሆን አለበት፤ በሌላ ገመድ የተሞላ ከበሮ ላይ 150 ሜትር ማንሻ ገመድ አይገባም። በከበሮው ምትክ በዊንቹ ጫፍ ባለው ድምቡሎ ጠምጥሞ መሳብ አደገኛ ነው፤ ክብደቱ ድንገት ሲመጣ ገመዱ ይንሸራተትና በእጅ የያዘውን ሰው ይወስዳል።

የግራውን ጎን ክሬን ሞክሩ። ሆዝ ቡይ ላይ የሚያያዘው በግራ ማኒፎልድ ነው፤ ትልልቅ ታንከሮች ላይ ከ10 እስከ 15 ቶን የሚያነሳ ክሬን ይጠበቃል። የግራው መሰላልም መልህቅም ከሆዙ መንገድ ይራቁ፤ ከጎን ወጥቶ የቀረ ነገር ካለ ሆዙን ይቀደዋል።

ሞተር ክፍል ደግሞ፦ ወደ ኋላ መንዳት መሞከር፣ ለማስነሻ የሚሆነው የአየር ጠርሙስ መሙላት፣ ሁለት ጄነሬተር አብሮ መሥራት። መርከቡ ቡይ ላይ እስካለ ድረስ ሞተሩ በአጭር ማስጠንቀቂያ መነሳት አለበት። «ታስረናል፣ እስቲ ኢንጀክተር እንፍታ» ማለት ጀቲ ላይ በፈቃድ ይሆን ይሆናል፤ እዚህ አይሆንም።

አቀራረብ

የተርሚናሉ ፓይለት (ሙሪንግ ማስተር) ከረዳቶቹና ከመሣሪያ ሣጥኖቹ ጋር ይሳፈራል። እርሱ ቢመራም ኃላፊነቱ ከካፒቴኑ ላይ አይወርድም።

መጀመሪያ የሚታየው ተንሳፋፊው ሆዝ ነው። ባዶ ቡይ ላይ ሆዙ የተዘረጋበት አቅጣጫ የሞገዱን መንገድ ያሳያል፤ አጠገብ ሌላ የታሰረ መርከብ ካለ ደግሞ ነፋሱና ሞገዱ ተደምረው የት እንደሚገፉ እርሱ በቁመናው ይናገራል። መርከቡ የሚገባው በዚያው መስመር፣ ነፋሱንና ሞገዱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው።

ቡዩን በትንሹ ከፊት ወደ ግራ አድርጎ መቅረብ የተለመደ ነው። አንድ ወደ ቀኝ የሚዞር ፕሮፔለር ያለው መርከብ ወደ ኋላ ሲነዳ ኋላው ወደ ግራ፣ ፊቱ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ስለዚህ ለማቆም ሞተር ወደ ኋላ ሲሰጥ ፊቱ ከቡዩ ይርቃል እንጂ አይጋጨውም፤ ሆዙም በሚፈለግበት በግራ ጎን ይቀራል። ሙከራው ካላማረ ወደ ቀኝ ወጥቶ ዞሮ እንደገና መግባት ነው። አንድ ሰዓት ቢጠፋ ይሻላል።

ይህን ጣና ላይ በትንሹ መለማመድ ይቻላል። 4 ሜትር ጥልቀት ባለው ቦታ 200 ኪሎ የኮንክሪት ብሎክ አስቀምጡ። ውኃ ውስጥ ክብደቱ ወደ 117 ኪሎ ይወርዳል፤ ለትንሽ የሞተር ጀልባ በልምምድ ደረጃ ይበቃል። የጥልቀቱን ሦስት እጥፍ፣ 12 ሜትር፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት አያይዙበት፤ ለተንሳፋፊ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ የሚሸከመው ተንጠልጥሎ ያለውን 4 ሜትር፣ ማለትም ከ9 ኪሎ ያነሰውን ብቻ ነውና። ጠዋት ውኃው ጸጥ ሲል ቅረቡት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ እንደገና ቅረቡት፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ ጀሪካኑ ዘንድ በእጅ ሊያዝ በሚችል ርቀት ከቆማችሁ ለምዳችኋል። የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ፣ ጉማሬ ከሚኖርበት ከዓባይ መውጫም ራቁ።

ሰንሰለቱን መያዝ

መርከቡ ቆሟል። አሁን ፊት ላይ ያለው ቡድን ሥራውን ይጀምራል፦

1. ቀጭን መልእክተኛ ገመድ በቀዳዳው በኩል ወደ ውኃው ይወርዳል። የተርሚናሉ ጀልባ ከማንሻ ገመዱ ጫፍ ጋር ያያይዘዋል።
2. ዊንቹ በቀስታ ይስባል። ማንሻ ገመዱ ሁልጊዜ ትንሽ ላላ ማለት አለበት፤ ከተወጠረ መርከቡ ርቋል ማለት ነውና ዊንቹ ይቁም፣ ብሪጅ (መርከቡ የሚመራበት ክፍል) ይነገረው፣ ርቀቱን ሞተሩ ያስተካክል።
3. ሰንሰለቱ በቀዳዳው ገብቶ ማቆሚያውን ሲያልፍ ፓይለቱ በሚለው ቀለበት ላይ ይቁም። ማቆሚያው ይዘጋ፣ ፒኑ ይግባ።
4. ዊንቹ በቀስታ ይልቀቅ፤ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ማቆሚያው ይሸጋገር። ማንሻ ገመዱ ከበሮው ላይ ላላ ብሎ ይቆይ።

አደጋው ማቆሚያው እስኪዘጋ ድረስ ነው። ሰንሰለቱ በዊንቹ ብቻ ተይዞ ሳለ መርከቡ ወደ ኋላ ቢንሸራተት 15 ቶን የሚስብ ዊንች መቶ ቶኖች ይመጡበታል። ማንም ሰው በገመዱ መስመር ላይም ሆነ በገመዱ ማጠፊያ ውስጥ አይቁም። የተበጠሰ ናይለን ሲመለስ በዓይን አይታይም።

ከታሰረ በኋላ ጎታች ጀልባ (ታግ) ከኋላ ይያያዝና በለስላሳው ወደ ኋላ ይስባል። ገመዱን ወጥሮ የሚያቆየው እርሱ ነው። ይህ ካልተደረገ መርከቡ እንደ ዓሣ ጭራ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ገመዱ ይላላል፣ ከዚያም በድንገት ይወጠራል። ታግ ከሌለ ሞተሩ በጣም ዝቅተኛ ፍጥነት ለሰዓታት ወደ ኋላ ይሠራል። ይህን መሸከም የሞተር ክፍል ሥራ ነው፦ በዝቅተኛ ዙር ረጅም ጊዜ የሠራ ሞተር ጭስ ማውጫው ላይ ጥቀርሻ ስለሚሰበስብ የሙቀት ንባቡን በየሰዓቱ ማየት ያስፈልጋል።

ሆዙ

ጀልባው የሆዙን ጫፍ ወደ ግራው ማኒፎልድ ያመጣዋል። የክሬኑ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ በሰያፍ የተሳበ ክሬን የተጻፈለትን ቶን አያነሳም። ፍላንጁ (በቡሎን የሚገጠመው የሆዙ ጫፍ) ከመርከቡ ጠርዝ በላይ ሲወጣ የሆዙ ማንጠልጠያ ሰንሰለት ከመርከቡ ምሰሶ ይታሰራል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ይህ ሰንሰለት ነው። ሆዙን በክሬን እንደተንጠለጠለ ትቶ መጫን ስህተት ነው፤ መርከቡ ሲንከባለል ክሬኑ ይሰበራል ወይም ፍላንጁ ይጣመማል።

መዝጊያውን ስትፈቱ የታችኛውን ቡሎን መጀመሪያ በትንሹ አላሉ፤ ውስጡ ግፊት ወይም የቀረ ነዳጅ ካለ እዚያ ይታወቃል። ከሥሩ መቀበያ ገንዳ ይኑር። አዲስ ጋስኬት አስገቡበት፣ የድሮው አይመለስም። 16 ኢንች ፍላንጅ 16 ቡሎን አለው፤ 16ቱም ይግቡ፣ ትይዩ ትይዩውን እያደረጉ ዳዶው ይጥበቅ። «አሥሩ ይበቃል» የሚባለው በደረቅ ቀን ነው፤ ግፊቱ ሲመጣ ጋስኬቱ ቡሎን በሌለበት በኩል ይወጣል።

በመርከቡና በሆዙ መካከል የኤሌክትሪክ ማያያዣ ሽቦ አይደረግም። ቦቴ ማደያ ላይ ሲራገፍ ሽቦ ስለሚያያዝ ብዙ አዲስ ሰው እዚህም ይፈልገዋል። መርከብ ላይ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፦ በመስመሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ፍላንጅ ወይም ሆዝ ይገባል፤ በመርከቡና በተርሚናሉ መካከል የሚሄደው ጅረት ሆዙ ሲፈታ ብልጭታ እንዳይፈጥር።

መጫንና ማራገፍ

ከመጀመሩ በፊት የመርከብና የተርሚናል የደኅንነት ዝርዝር አንድ በአንድ ይነበባል። የታንኮቹ ኦክስጅን ከ8 በመቶ አይበልጥ። ማቆሚያ ቃሉ በሬዲዮ ምን እንደሆነ፣ ማን መጀመሪያ ምን እንደሚዘጋ ይስማሙ።

የመጀመሪያው ፍሰት በሰከንድ ከ1 ሜትር አይለፍ፤ በ16 ኢንች መስመር ይህ በሰዓት 450 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንዳይከማች፣ ደግሞም የሚያፈስ ነገር ካለ በትንሹ እንዲታይ። አንድ ሰው ማኒፎልዱን፣ አንድ ሰው ውኃውን ይይ። ጀልባው ሆዙን ተከትሎ እስከ ቡዩ ይሂድ። ሁሉ ደህና ከሆነ ፍሰቱ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ በየሰዓቱ የመርከቡና የየብሱ ቁጥር ይነጻጸራል። ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ነዳጅ ወደ ባሕር ወይም ወደ ተሳሳተ ታንክ እየገባ ነው፤ ቁሙ፣ ፈልጉ።

ጭነት ላይ የመርከቡን ቫልቭ በድንገት መዝጋት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። በሰከንድ 3 ሜትር የሚሮጥ ድፍድፍ ድንገት ሲቆም በብረት ቧንቧ ውስጥ ግፊቱ በ25 ባር ያህል ይዘላል፤ ብዙ ሆዝ የተሠራው ለ15 ባር ነው። «ድንገት» ስንት ሰከንድ ነው? የግፊቱ ሞገድ በሰከንድ ወደ 1,000 ሜትር ይሄዳል፤ ቧንቧው 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደርሶ ለመመለስ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከ10 ሰከንድ በታች የተዘጋ ቫልቭ ሁሉ ድንገተኛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፓምፑ ይቆማል፣ ቫልቩ ኋላ ይዘጋል። መስመሩ ላይ ያለው መለያያ መጋጠሚያ ግፊት ወይም ጉተታ ሲበዛ በራሱ ተላቆ ሁለቱንም ጫፍ ይዘጋል፤ እርሱ ግን የመጨረሻው መከላከያ ነው፣ የሥራ መሣሪያ አይደለም።

ፊት ላይ ቀንና ሌሊት ሬዲዮ የያዘ ጠባቂ ይኖራል። የሚጽፈው የገመዱን አቅጣጫ፣ ውጥረቱን፣ እስከ ቡዩ ያለውን ርቀት ነው። አስፈሪው ሰዓት ማዕበሉ አይደለም፤ ነፋሱ ሲወድቅና ሞገዱ ሊዞር ሲል ነው። ያኔ ገመዱ ይላላል፣ 150,000 ቶኑ በጸጥታ ወደ ቡዩ ይሄዳል። ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ገደቡን የሚወስነው ገመዱ ብቻ አይደለም። ጀልባዎቹ መሥራት ካቃታቸው በኋላ ሆዙን ማውረድ ስለሚከብድ፣ ለመልቀቅ የሚወሰነው እነርሱ ገና ሳይቸገሩ ነው።

አነስ ያሉ ታንከሮች በሌላ ዓይነት ይታሰራሉ፦ ሁለቱን መልህቃቸውን ከፊት ይጥሉና ኋላቸውን ከበርካታ ቡዮች ጋር ያያይዛሉ። እዚያ መርከቡ አይዞርም፤ ነፋስ በጎን ሲመጣ ሙሉውን ይቀበላል፣ ስለዚህ የአየር ሁኔታ ገደቡ ይጠብቃል። የምግብ ማብሰያ ጋዝም በአንዳንድ ቦታ በቡይ ይራገፋል። 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚቀዘቅዘው የተፈጥሮ ጋዝ ግን ተራውን የጎማ ሆዝ ስለሚሰባብር ሥራው በአብዛኛው ጀቲ ላይ ነው።

መልቀቅ

ሆዙ ይፈስስና ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፣ መዝጊያው በሙሉ ቡሎን ይመለሳል፤ ጫፉ ባሕር ላይ ተንሳፍፎ ስለሚቀር እዚህ የሚታለፍ ቡሎን ቀስ ብሎ ያፈሳል። ክሬኑ ሆዙን ከያዘ በኋላ ብቻ ማንጠልጠያው ሰንሰለት ይፈታል፣ ሆዙም በቀስታ ይወርዳል፤ ጀልባው ከመርከቡ አርቆ ይጎትተዋል።

ከዚያ ታጉ መሳቡን ያቆማል፣ ሞተሩ በትንሹ ወደፊት ይሰጥና ገመዱ ይላላል። ውጥረት ያለበት ማቆሚያ በመዶሻ አይከፈትም፤ ከተከፈተም ሰንሰለቱ ብቻውን አይሄድም። ዊንቹ የማንሻ ገመዱን ይይዛል፣ ፒኑ ይወጣል፣ ማቆሚያው ይከፈታል፣ ዊንቹ እየለቀቀ ሰንሰለቱን እስከ ውኃው ያወርደዋል። የማንሻ ገመዱ ጫፍም ቢሆን አይጣል፤ እስከ መጨረሻው በቁጥጥር ይውረድ፣ የወደቀ ገመድ የጀልባውን ፕሮፔለር ይጠመጥማልና። ገመዱና ሆዙ ከፊትም ከግራም መራቃቸውን ፊት ያለው ሰው በሬዲዮ እስኪናገር ድረስ ሞተር ክፍል ቀጣዩን ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ከዚያ መርከቡ ወደ ኋላና ወደ ቀኝ ይወጣል።